ባህር ዛፍ፣ ደንገል ወይስ የባህር ሳር? ካርቦን ለማስቀመጥ ብራችንን የት ብናረገው ይሻላል

ነገሩ የጀመረው ከማህበራችን ነው። አስራ አንድ ነን፣ አብረን የተማርን፣ በየወሩ ባህር ዳር እየተገናኘን ምንበላ ምንጠጣ፣ ከቅጣትና ከመዋጮ የተረፈች ብር ተጠራቅማ «ለአካባቢ የሚጠቅም ነገር እናርግባት» ተባለና ጭቅጭቁ ተነሳ። ውጭ ያለው ልጅ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ላከ፣ የባህር ሳር የካርቦን ክሬዲት (ሌላ ሰው ላስቀመጠው ካርቦን በቶን እየተከፈለ የሚሰጥ ወረቀት) ግዙ፣ የባህር ሳር ከጫካ 35 እጥፍ ካርቦን ይቀብራል የሚል። አንዱ «ምን ባህር ማዶ ወሰዳችሁ፣ አጎቴ መራዊ መሬት አለው ባህር ዛፍ እንትከልበት» አለ፣ አንዷ እንቦጩን ከሰል እናርገው አለች፣ ሌላው ቤተክርስቲያን አጥር እንስራ አለ፣ እኔ ደግሞ አፌ አላርፍ ብሎ «ደንገሉስ?» ስል «በል እንግዲያ አንተ አጣርተህ ና» ተብዬ ስራው እኔው ላይ ወደቀ።

ይሄ እንግዲ ያጣራሁት ነው። እንደኛ ትንሽ ብር ወይ ትንሽ ጉልበት ይዛችሁ የት እናውለው ለምትሉ ይጠቅም ይሆናል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። ካርቦን ማይስብ ተክል የለም፣ ጎመኑም ይስባል በቆሎውም ይስባል። ስለዚ «ይሄ ተክል ካርቦን ይስባል» ብሎ ሚያወራችሁን ሰው ብዙ አትስሙት። መጠየቅ ያለበት ተክሉ ሲሞት ወይ ሲቆረጥ ያ ካርቦን የት ይገባል፣ እዛስ ስንት ዘመን ይቀመጣል፣ ደግሞ ማን ይጠብቀዋል ነው። እኔ ሁሉንም በነዚ ነው የመዘንኳቸው። ሌላው፣ ቁጥር ስታነቡ «ካርቦን» ነው ሚለው ወይስ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ» እዩ፣ አንድ ቶን ካርቦን ማለት 3.67 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ሻጮች ትልቁን ቁጥር ነው ሚወዱት።

የባህር ሳር፣ እውነቱና ማስታወቂያው

የባህር ሳር አልጌ አይደለም፣ እኔም እስከቅርብ ጊዜ ይመስለኝ ነበር። ስር ያለው፣ አበባ የሚያወጣ፣ ዘር የሚጥል ሙሉ ተክል ነው፣ የብስ ላይ የነበሩ ዘመዶቹ ድሮ ድሮ ጨው ውሃ ውስጥ ተመልሰው የገቡ። ጥልቀት በሌለው የባህር ዳርቻ እንደ መስክ ይዘረጋል፣ ብርሃን ካልደረሰው ግን ይሞታል፣ ውሃው ላይ ከሚያርፈው ብርሃን በአማካይ አንድ አስረኛ ያህሉ እሱ ጋ መድረስ አለበት። ቀይ ባህር ዳርቻም አለ፣ ዱጎንግ ሚባለው ትልቅ የባህር እንስሳ ሚግጠው እሱን ነው።

ካርቦን ሚያስቀምጥበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የራሱ ስርና ግንድ እዛው ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ሁለተኛው ቅጠሉ ውሃውን ያረጋጋዋል፣ የተረጋጋ ውሃ የተሸከመውን ይጥላል፣ ጠላ ሲጠል አተላው ታች እንደሚቀመጠው ማለት ነው። ከዛ የዘቀጠው ጭቃ ውስጥ ትንሽ ዝቅ ሲባል ኦክስጅን የለም፣ ኦክስጅን ከሌለ ብስባሹን ሚበሉት ባክቴሪያዎች ይንቀራፈፋሉ፣ ካርቦኑ በላይ በላዩ እየተነባበረ ይቆያል። ሜዲትራኒያን ውስጥ ፖሲዶኒያ ሚባል የባህር ሳር አለ፣ ከስሩ ያለው ምንጣፍ ብዙ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በሺዎች የሚቆጠር ዓመት የተጠራቀመ። የሰሎሞን ዘመን የበቀለ ሳር ገና ሳይበሰብስ ተቀምጧል ብላችሁ አስቡት። የባህር ሳር የሚሸፍነው ከውቅያኖስ ወለል 0.2 በመቶ እንኳን አይሞላም፣ ግን በየዓመቱ ባህር ውስጥ ከሚቀበረው ካርቦን 10 በመቶ ገደማ የሱ ድርሻ ነው ተብሎ ይገመታል። ይሄ ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ 35 እጥፏ እንምጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ብዙ ሰው በሚጠቅሰው ስሌት የባህር ሳር በዓመት በካሬ ሜትር በአማካይ 138 ግራም ካርቦን ይቀብራል፣ የሞቃት አካባቢ ጫካ አፈር ደግሞ 4 ግራም ገደማ። 138 ለ4 ብታካፍሉት 35 ይሆናል፣ አለቀ፣ ማስታወቂያው ተሰራ። ያስተዋላችሁት ነገር አለ? የጫካው 4 ግራም አፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን የሚቀበረው ብቻ ነው፣ ግንዱ፣ ቅርንጫፉ፣ ያ ሁሉ ዋንዛና ዋርካ አልተቆጠረም። የዛፍን ዛፍነት ትቶ አፈሩን ብቻ መዝኖ «በለጥኩህ» ማለት ነው። የባህር ሳሩ ቁጥር እራሱ በሄክታር ሲሰላ 1.4 ቶን ካርቦን በዓመት አካባቢ ነው፣ ወደ 5 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ጥሩ ነው፣ ተአምር ግን አይደለም። ደግሞ ደለሉ ውስጥ ካለው ካርቦን ግማሽ ያህሉ ከሌላ ቦታ ተጠርጎ የመጣ ነው፣ የሰው ማሳና ጫካ ካርቦን እዛ ሲዘቅጥ ለማን ይቆጠር? ይሄ ለክሬዲት ቆጣሪዎች ራስ ምታት ነው።

የባህር ሳር ትልቁ ዋጋ ያለው አሮጌው ክምችት ላይ ነው ባይ ነኝ። አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ ሚባል ቦታ በ2010 መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ የባህሩ ውሃ ከልክ በላይ ሞቀና ወደ 1,000 ካሬ ኪሎሜትር የሚሆን የባህር ሳር ተጎዳ፣ ከዛ በኋላ በነበሩት ሦስት ዓመታት ከ2 እስከ 9 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይወጣ እንዳልቀረ ተገምቷል። የጣናን አንድ ሦስተኛ የሚያክል መስክ ማለት ነው። መልሶ መትከሉስ? ይቻላል፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ዳርቻ ላይ በ1930ዎቹ በበሽታና በማዕበል የጠፋውን ሳር ከ70 ሚሊዮን በላይ ዘር በትነው 20 ዓመት ያህል ለፍተው ወደ 3,600 ሄክታር መልሰውታል። ሀያ ዓመት፣ ዩኒቨርስቲ፣ በጎ ፈቃደኛ፣ ጀልባ። በሌላ በኩል የስፔን ባሊያሪክ ደሴቶች በ2018 ያደረጉት ቀላል ነው፣ ፖሲዶኒያው ላይ መልህቅ መጣል ከለከሉ። አዲስ ከመዝራት ያለውን አለማረስ እንደማለት ነው፣ ይቺን ያዙልኝ፣ ደንገል ጋ ስንደርስ ትመለሳለች።

ለኛ ብር ግን የባህር ሳር? አይመስለኝም። ሄደን አናየውም፣ አንጠብቀውም፣ ቢሞት አንሰማም፣ እጃችን ላይ ሚቀረው ወረቀት ነው። ሳሩ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን እኛ ሩቅ ሆነን ነው። የተረፈው ብር ያለውና ከባህር አጠገብ ሚኖር ሰው ቢገባበት አልቃወምም።

ደንገል

ጣና ላይ የባህር ሳር አይበቅልም፣ ውሃችን ጨው የለውም። ቢኖረውም እንኳን ብርሃኑን ማን ሰጥቶት፣ ክረምት ላይ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይዘውት የሚመጡት አፈር ሀይቁን ሻይ በወተት ያስመስለዋል፣ ሐምሌ ላይ ክንዳችሁን እስከ ክርን ብትከቱ መዳፋችሁ አይታያችሁም። ሀይቁ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ሆኖ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ቢሆን ነው፣ ዳር ዳሩ ጭቃ፣ ረግረግ፣ ፊላ፣ ቄጤማና ደንገል ነው። እና የባህር ሳርን ስራ እዚህ ሚሰራልን ደንገሉ ነው፣ ደለል ያረጋጋል፣ ስሩ እየተነባበረ ውሃ ውስጥ ይቀራል፣ አየር አጥቶ ሳይበሰብስ ይቆያል። ደግሞ እድገቱ! ደንገል ብርሃንን እንደ በቆሎ፣ እንደ ማሽላ፣ እንደ ጤፍ ባለው መንገድ ነው ሚጠቀመው፣ ሙቀትና ውሃ ካገኘ 4 ሜትር ይመዛል።

ባለፈው ግንቦት ውሃው ሲወርድ ከአንድ ታንኳ ሰሪ ሽማግሌ ጋር ደንገል ውስጥ ገባሁ፣ ነገደ ወይጦ ናቸው፣ እድሜያቸውን ሙሉ ደንገል ሲያጭዱ የኖሩ። ጫማዬን አውልቄ ነው የገባሁት፣ መጀመሪያ ሚረገጠው ነገር ፍራሽ ይመስላል፣ ይነጥራል፣ ከዛ በድንገት እስከ ጉልበት። ሽማግሌው አንዱን ስር በማጭዳቸው ቆርጠው አሳዩኝ፣ የልጅ ክንድ ያክላል፣ ላዩ ቀላ ብሎ ሆዱ ነጭ፣ ከስሩ ደግሞ ጥቁር ቡናማ የሆነ እንደ ራሰ ጥጥ የሚጨመቅ ነገር፣ ጨምቄ ሳየው የድሮ ስር ነው፣ ክሩ ገና አልጠፋም። ዱላዬን ሰካሁት፣ ቁመቴን ያህል ገባ፣ ከታች ጠንካራ ነገር አላገኘም፣ ስነቅለው ቡልቅ ቡልቅ እያለ አረፋ ወጣ።

«አባባ፣ ይሄ ስንት ዓመቱ ይሆን?» አልኳቸው።

«እኔ ህፃን ሆኜም እንዲሁ ነበር ልጄ። ላዩን እጨደው፣ ግድ የለም፣ ለከርሞ ይመለሳል። ስሩን ማረሻ ከነካው ግን በቃ፣ አይመለስም።»

ከዚ በላይ ጥሩ የካርቦን ትምህርት አልሰማሁም። ላዩ ለታንኳ ይታጨዳል፣ ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ዳር ላይ አቁመው ያደርቁታል፣ በመጨረሻ ይበሰብሳል፣ ያ ካርቦን ተመልሶ ይሄዳል፣ ግን መልሶም ይበቅላል። ካዝናው ከስር ያለው ነው። ካዝናውን ሚከፍተው አየር ነው፣ ጭቃው ደርቆ አየር ሲያገኝ ባክቴሪያዎቹ ይነቃሉና የብዙ ዘመኑን ቶሎ ቶሎ ይበሉታል።

ሚያደርቀው ደግሞ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ባህር ሸሽ። ውሃው ወደ ኋላ ሲል የተገለጠው መሬት ይታረሳል፣ ጥቁርና ወፍራም ነው፣ ማዳበሪያ አይፈልግም፣ ለምን ለም ሆነ ብትሉ ያው ያ ሁሉ ካርቦን ስለተጠራቀመበት። በ2003 እ.ኤ.አ. የሀይቁ ውሃ መርከብ እስኪቆም ወርዶ ነበር፣ ያኔ ብዙ ዳርቻ ታረሰና ደንገሉ ሳይመለስ ቀረ። እንፍራንዝ በኩል ደግሞ ጫትና አትክልቱ፣ ከተማው በኩል አፈር እየደፉ መሙላቱ። ገበሬውን ልትወቅሱት አትችሉም እኮ፣ ልጁ መሬት የለውም፣ ካርቦን ደግሞ ሽሮ አይሆንም። ለዚህ ነው ደንገል ላይ ብር ስታወጡ ብሩ አጥር ላይ ሳይሆን ሰው ላይ መውደቅ ያለበት ምለው፣ ቄጤማ ለበዓል ቆርጦ ሚሸጥ፣ ሳሩን አጭዶ ለከብቱ ሚወስድ፣ ከብቱን ግን የማያስገባ ሰው ላይ።

እሺ አሁን ደንገል ወዳጅ ነኝ ብዬ ምደብቃችሁ ነገር እንዳይኖር፣ ያ ቡልቅ ቡልቅ ያለው አረፋ ሚቴን ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ሰልፌት ሞልቷል፣ ሰልፌት ሚጠቀሙት ባክቴሪያዎች ምግቡን ቀድመው ስለሚበሉት ሚቴን ሰሪዎቹ ብዙም ቦታ አያገኙም፣ የባህር ሳር ጭቃ የተበላሸ እንቁላል ሚሸተውም በነሱ ስራ ነው። ጣና ላይ ሰልፌቱ ትንሽ ስለሆነ ሚቴን ሰሪዎቹ ሜዳው የነሱ ነው። ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ስለዚ ደንገል በዓመት ሚቀብረው አዲስ ካርቦን ላይ ከሚቴኑ ሚቀነስ አለ፣ እንደ ባህር ሳሩ ንፁህ ትርፍ አይደለም። ሚያፅናናው ሚቴን አየር ላይ ሚቆየው አስር ምናምን ዓመት መሆኑ ነው፣ የተቀበረው ካርቦን ግን ካልተነካ ዘመናት ይቆያል። በአጭሩ፣ አዲስ ረግረግ ልፍጠር ብትሉ ተሯሩጣችሁ ብዙ አታተርፉም፣ ያለውን አሮጌ ረግረግ ከማድረቅ ብታስጥሉት ግን ከሁሉም የበለጠ ያዋጣል። እኔ ድምፄን ለዚህ ነው የሰጠሁት።

ባህር ዛፍ (እና ዲከረንስ)

ስሙ እራሱ ያስቀኛል፣ ባህር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ ስለሆነ ባህር ዛፍ፣ አሁን ደግሞ የባህር ሳር ሊመጣብን ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አብሮን አለ፣ አዲስ አበባ ያለ እሱ ማገዶ አጥታ ትፈርስ ነበር፣ ዛሬም ባህር ዳር ላይ ፎቅ ሲሰራ መወጣጫው እሱ ነው። ብር ያመጣል። የጓደኛዬ አጎት በስድስት ዓመት ቆርጠው ሸጠው ልጅ ድረዋል፣ ከጉቶው ደግሞ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ማን ይከራከራቸዋል።

እንደ ካርቦን ካዝና ግን ሂሳቡን እንስራው። ዛሬ ተተከለ ዜሮ ነው፣ በስድስተኛው ዓመት ሞልቷል፣ ይቆረጣል፣ ወደ ዜሮ አካባቢ ይመለሳል፣ እንደገና። መሬቱ በአማካይ ሚይዘው የሙሉውን ግማሽ ገደማ ነው ማለት ነው፣ መቶ ዓመት ብትደጋግሙትም ከዛ አይበልጥም፣ ካዝና ሳይሆን መውጫና መግቢያ በር ነው። የተቆረጠው አጣና ቤት ከሆነ ጥቂት ዓመት ይቆያል፣ ማገዶ ከሆነ በሳምንቱ ሰማይ ላይ ነው። ዲከረንስም (ለከሰል ሚተከለው፣ ቶሎ ሚያድገው የግራር ዘመድ) ያው ነው፣ አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ሄዳችሁ ያያችሁት ካላችሁ ተራራው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ደስ ይላል፣ አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ከሰል ይሆናል፣ አሲዳም የሆነውን አፈር አሳርፎታል፣ የገበሬውን ኑሮም ቀይሯል፣ ለዛ እጄን አነሳለሁ። ካርቦኑ ግን በከሰል ምድጃ ሄዷል። የተፈጥሮ ጫካ እንዳይቆረጥ ማገዶውን መተካቱ ጥቅም ነው፣ እሱን ቁጠሩለት።

አንድ ቦታ ላይ ግን አልደራደርም፣ ረግረግ ላይ ባህር ዛፍ አትትከሉ። ውሃ ይመጥጣል፣ ያደርቃል፣ ሊያስቀምጥ ከመጣው ይልቅ ከስር ያለውን ያስወጣዋል።

ረግረግ ላይ ዛፍ ስል ትዝ ያለኝ፣ ከጥቂት ዓመት በፊት እሰራበት ከነበረ መስሪያ ቤት ወጥተን ክረምት ላይ ችግኝ ተከልን፣ ቲሸርት ተሰጠን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ውሃም ብስኩትም ነበር። ቦታው የሀይቁ ዳር ሜዳ ነበር፣ የመጡት ችግኞች ግራቪሊያ። መስከረም ላይ በዛ ሳልፍ ሜዳው ውሃ ሞልቶት የችግኞቹ ጫፍ ጫፍ ብቻ ይታያል፣ ህዳር ላይ ደግሞ የደረቀ እንጨት። ቦታው ድሮውንም ለሳር የተፈጠረ ነበር፣ አንድ ሰው ከብት ጠባቂውን ልጅ ቢጠይቀው ይነግረን ነበር።

የቤተክርስቲያን ደንና ዘጌ

ይሄ ከደንገል ጋር ተያይዞ ነው በኔ ሚዛን የወጣው፣ እንዲያውም ለጠባቂነት ከተባለ ይበልጠዋል። ካርቦኑ ያለው ግንዱ ላይም አፈሩ ውስጥም ነው፣ ዋንዛው፣ ዶቅማው፣ ወይራው፣ ጥዱ፣ መቶ ዓመት ያለፋቸው አሉ፣ ማንም ቆራጭ ደፍሮ አይነካም፣ የታቦት ነዋ። ፖሊስ የለውም፣ ጂፒኤስ የለውም፣ ግዝት አለው። የትኛውም የካርቦን ፕሮጀክት እንደዚ ያለ ጥበቃ በብር ሊገዛ አይችልም።

ዘጌን እዩት፣ ከባህር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ጫካው ስር ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚ። አባቶች ሲናገሩ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ቢሰብሩት እነዚ ሦስቱ በቀሉ ይባላል፣ በዛው ልማድ እዛ ማረስ ነውር ሆኖ ኖሯል። እንግዲ ስለ ካርቦን ማንም ሳያወራ ዘመናት ያስቀመጠ ስርዓት ማለት ይሄ ነው።

ችግሩ ደኑ ከውስጥ ማርጀቱ ነው። በተለይ ደቡብ ጎንደር ያሉት፣ ትልልቆቹ ዛፎች አሉ፣ ከስር ግን ችግኝ የለም፣ ከብት እየገባ ይግጠዋል ይረግጠዋል፣ ሽማግሌ ብቻ ያለበት ቤት ሆኗል። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ እነዚን ደኖች ለብዙ ዓመት ሲያጠና ቆይቶ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከሜግ ሎውማን ጋር ሆነው የጀመሩት ነገር ቀላል ነው፣ ከማሳው የተለቀመ ድንጋይ በደኑ ዙሪያ መካብ። ገበሬው ማሳው ከድንጋይ ይፀዳለታል፣ ከብቱ አይገባም፣ ችግኙ ይነሳል። አጥር እንስራ ያለው ጓደኛችን ሲያወራ «ደሞ አጥር» ብዬ ስቄበት ነበር፣ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ትንሽ ብርና ብዙ ጉልበት ያለው ማህበር ከሆናችሁ፣ ደግሞ አጥቢያችሁ ከሆነ፣ ከዚ የተሻለ አላውቅም። ዕድገቱ ቀስ ያለ መሆኑን ግን እወቁት፣ ዘንድሮ አጥራችሁ ለከርሞ ሪፖርት ሚሆን ነገር አይኖርም።

እንቦጭ

እዚህ ላይ አጠር ላርግ። እንቦጭ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ታየ፣ ከዛ ወዲህ ያለውን ታውቃላችሁ፣ ስንት ሰው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቀለ። በፍጥነት ስለሚባዛ «ካርቦን ይስባል» የሚል ሰው ይመጣል። እውነት ነው ይስባል፣ ግን ከ90 እስከ 95 በመቶው ውሃ ነው። አንድ 5 ቶን የጫነ ኢሱዙ ስታደርቁት ከ250 እስከ 500 ኪሎ ይቀራል፣ ከዛ ውስጥ ካርቦኑ 40 በመቶ ቢሆን ከ100 እስከ 200 ኪሎ፣ ባዮቻር (አፈር ውስጥ ሚቀበር ከሰል) ብታረጉት ግማሹ በጭስ ይሄድና ከ50 እስከ 100 ኪሎ። ለኢሱዙው ናፍጣ አስቡ። ዳር ላይ ከምራችሁ ከተዋችሁት ደግሞ ከስር በስብሶ ሚቴን ነው። ለሀይቁ፣ ለዓሳው፣ ለጀልባው ሲባል ይነቀል፣ ነቅሎ ማድረቅም ጥሩ ነው፣ ከሰሉ ማገዶ ሲተካ ደስ ይለኛል፣ የካርቦን ፕሮጀክት ብሎ መሸጥ ግን ራስን መሸወድ ነው። ጓደኛዬ ይሄን ስነግራት አኩርፋለች።

ክሬዲት ልንሸጥ እንችላለን ወይ?

ይሄን ሁሉም ሰው ይጠይቃል፣ መልሱ ብቻችሁን አትችሉም ነው። ወላይታ ሁምቦ ላይ የተሰራውን ብዙዎች ሰምታችኋል፣ በወርልድ ቪዥን አጋዥነት ተራራውን ከልለው ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ አርገው በ2009 እ.ኤ.አ. ተመዘገበ፣ የዓለም ባንክም ገዛቸው፣ ግን 2,728 ሄክታር ነው፣ በህብረት ስራ የተደራጀ ስንት ሺህ ሰው። ኬንያ ጋዚ ሚባል ቦታ ማንግሮቭ ጠብቀው ከ2013 ጀምሮ ሚሸጡ አሉ፣ ሚኮኮ ፓሞጃ ይባላሉ፣ 117 ሄክታር ብቻ ነው፣ በዓመት ወደ 3,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ብሩ ለመንደሩ ውሃና ለትምህርት ቤት ይውላል። ይሄ ለጣና ዳር ቀበሌዎች የሚሆን ልክ ነው ብዬ አስባለሁ፣ በተለይ ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ስለሆነ የተከለለው ቦታ ካርታው አለ። አስራ አንድ ሰው ያለበት የጠላ ማህበር ግን ለመለካቱና ለኦዲቱ ሚከፍለው ከሚያገኘው ይበልጣል።

ገዢ ከሆናችሁም ሻጩን ሦስት ነገር አፋጡት። ያለኛ ብር ይሄ ነገር አይሆንም ነበር ወይ? ነገ ቢታረስ ወይ ባህሩ ቢሞቅ ብራችን ምን ይሆናል? እዚህ ከብት ስትከለክሉ ከብቱ የት ሄደ? ሦስተኛዋ ላይ ብዙው ይንተባተባል። እኔ ማስታወቂያው ላይ ባለው አድራሻ ፅፌ ነበር፣ የመጣልኝ መልስ የሚያምር ፎቶ ነው፣ ኤሊ ያለበት።

እና ምን ወሰንን

ለማን የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ኮረብታ ላይ የተራቆተ መሬት ያለውና ብር የሚያስፈልገው ሰው ባህር ዛፉን ይትከል፣ ስለ ካርቦን ግን አያውራ። አጥቢያው ደን ያለው ድንጋይ ይካብ። ሀይቁ ዳር ሚኖር ወይ ዳሩ ላይ ዘመድ ያለው ደንገሉን ይያዝ። ውጭ ያለና ብር ያለው ከሆነ የባህር ሳሩን ይግዛ፣ ግን ሰነዱን አንብቦ።

ማህበሩ ላይ ድምፅ ተሰጠ፣ ስድስት ለደንገል አራት ለአጥር፣ ውጭ ያለው ልጅ ስልኩ ተቋርጦ አልመረጠም። ብሩን ሁለት ቦታ ከፍለን አብዛኛውን ሽማግሌው ካሉበት አካባቢ ላሉ ወጣቶች ለማጭድና ሳር አጭዶ ለመውሰጃ ጋሪ አርገነዋል፣ በምትኩ ከብት አያስገቡም፣ ማረሻም አይነካም፣ ተፈራርመናል፣ ይሰራ አይሰራ ለከርሞ ነው ሚታየው። ቀሪው ለአንድ ደብር ድንጋይ ማመላለሻ ነው።

እናንተም ቦታ ልታዩ ከሄዳችሁ ግንቦት ወይ ሰኔ መጀመሪያ ሂዱ፣ መስከረም ከሄዳችሁ ውሃው ሞልቶ ሁሉም ረግረግ ጤነኛ ይመስላችኋል። ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ዱላ ያዙ፣ ምልክት አርጉበት፣ በየሃምሳ እርምጃው ስኩትና ስንት እንደገባ ፃፉ፣ አንድ ቦታ ላይ አርባ ሴንቲሜትር ሄዶ ጠንካራ መሬት ከነካ እዛ ከዚህ በፊት ታርሷል ማለት ሊሆን ይችላል፣ አጠገቡ ያለውን ሰው ጠይቁ። ጫማ አውልቁ፣ አልቅት ግን አለ፣ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱት፣ እኔ ሁለቱን ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ያገኘኋቸው።